ለጦርነት ምክንያት ጻፉ ሲባሉ፦ ከፊርማ በፊት የሚሠራ ሥራ

ትእዛዙ ሲመጣ «ጦርነት» የሚለውን ቃል ይዞ አይመጣም። «የሁኔታ ትንተና አዘጋጁ»፣ «የአቋም መግለጫ ረቂቅ ላኩ»፣ «ለንቅናቄ የሚሆን ሰነድ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይድረስ» ተብሎ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ ወይም ሞጣ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ የኮሙኒኬሽን፣ የፍትሕ ወይም የፀጥታ ባለሙያ የጻፈው አንድ አንቀጽ ወደ ላይ ይወጣና በሌላ ሰው አፍ ይነገራል። ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው የለም። ይህ ጽሑፍ ያንን አንቀጽ ከመፈረም በፊት ስለሚሠራው ሥራ ነው። ለየትኛውም ወገን አልተጻፈም፤ የሚያዋጋው ማንም ይሁን፣ ሰነዱን የሚጽፈው ሰው ጭንቀት አንድ ዓይነት ነው።

ታማኝነትና ሕሊና ሁልጊዜ ይጋጫሉ ማለትም አይደለም። የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ተፈረመ። የ17ኛው አንቀጽ የጣሊያንኛና የአማርኛ ቅጂ እንደማይገጥም ሲታወቅ ደብዳቤ ተጻፈ፣ ድርድር ተሞከረ፣ በ1885 ውሉ ፈረሰ፤ ዐድዋ የመጣው በ1888 ነው። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦራቸውን ይዘው ሲዘምቱ ጉዳዩ ለዓመታት በወረቀት ተለፍቶበት ነበር። ሹም የሚጨነቀው ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፣ ውሳኔው አልቆ ምክንያት ሲፈለግለት ነው። ምልክቱም ቀላል ነው፦ «አጣርታችሁ ንገሩን» ሳይሆን «የሚደግፍ አምጡልን» ይባላሉ።

ትእዛዙን ወረቀት ላይ ማውረድ

በስልክ የመጣ ትእዛዝ በስልክ ብቻ አይመለስም። ስልኩ እንደተዘጋ ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ይጻፉ፤ ማን እንደደወለ፣ በስንት ሰዓት፣ ምን እንዲጻፍ እንደጠየቀና ሰነዱ በማን ስም እንደሚወጣ ከያዘ ይበቃል። «ዛሬ ከቀኑ 9፡20 ላይ በስልክ በተሰጠኝ መመሪያ መሠረት የሚከተለውን እንዳዘጋጅ መታዘዜን ተረድቻለሁ፤ አረዳዴ የተሳሳተ ከሆነ እንዲታረምልኝ እጠይቃለሁ» ብለው ላዘዘዎ ሰው ይላኩ። አነጋገሩ ትሑት ይሁን፣ ክስ አይምሰል። ወጪ ቁጥር ከመዝገብ ቤት ያውጡለት፤ በቴሌግራም ብቻ የተላከ ማስታወሻ ስልክ ሲቀየር አብሮ ይጠፋል።

ብዙ ትእዛዝ እዚህች ላይ ይለዝባል። በአፉ «የማያዳግም እርምጃ» ያለ አለቃ በጽሑፍ ሲጠየቅ «ሁኔታውን አጣርታችሁ አቅርቡ» ይላል። እሱም ፊርማውን ይፈራል።

ቀጥሎ ራስዎን የሚጠይቁት ጥያቄ «ለምን የእኔ ስም አስፈለገ?» ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003 የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኮሊን ፓወል የፀጥታው ምክር ቤት ፊት ቀርበው በኢራቅ ላይ ማስረጃ ያሰሙት ከካቢኔው ሁሉ ይልቅ ሰው የሚያምነው እሳቸውን ስለነበረ ነው። ከንግግሩ በፊት ለቀናት በሲአይኤ ዋና መሥሪያ ቤት ተቀምጠው ብዙ ደካማ ነገር ከረቂቁ አውጥተዋል። ይሁንና የራሳቸው መሥሪያ ቤት የመረጃ ክፍል «ይህ አይጸናም» ብሎ በጽሑፍ ካስጠነቀቃቸው ነጥቦች ከፊሉ ውስጥ ቀረ። ስለ ተንቀሳቃሽ የጀርም ላቦራቶሪዎች የተናገሩት ነገር ዋና ምንጩ አንድ አገሩን ጥሎ የወጣ ኢራቃዊ ነበር፤ ሰውዬው ከዓመታት በኋላ መዋሸቱን በራሱ አፍ አምኗል። ፓወልም እ.ኤ.አ. በ2005 ንግግሩ በስማቸው ላይ የቀረ ጥቁር ነጥብ መሆኑን ተናገሩ። ግማሽ ማጣራት ከነጭራሹ ካለማጣራት የሚከፋበት ጊዜ አለ፦ ያወጡት ቆሻሻ የተዉት ንጹሕ እንዲመስልዎ ያደርጋል።

ሰሙን ከወርቁ መለየት

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ ወይም ጎንጅ የዋለ ሰው ሰሙን ሰምቶ ብቻ አይነሣም። ለጦርነት የሚጻፍ ሰነድም ሰምና ወርቅ አለው፤ ሰሙ «ሁኔታው»፣ ወርቁ «ፍቀዱልን» ነው። የመለያው ሥራ እንዲህ ይሠራል።

ረቂቁን በወረቀት ያትሙና እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ቁጥር ይስጡት። በኅዳጉ ላይ አንድ ፊደል ያስቀምጡ፦ ስሙ የሚታወቅ ሰው በዓይኑ ያየው ከሆነ «አ»፣ ከሌላ የተሰማ ከሆነ «ሰ»፣ ግምት ከሆነ «ገ»፣ ምኞት ከሆነ «ፈ»። ሁለት ገጽ ረቂቅ ሠላሳ፣ አርባ ዓረፍተ ነገር ይኖረዋል፤ ለሁለት ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ብቻዎን አይሥሩት፤ የራስን ምኞት «ፈ» ብሎ መሰየም ከባድ ነው። ሲጨርሱ ውሳኔውን የተሸከሙትን አምስት ወይም ስድስት ዓረፍተ ነገሮች ብቻ ይዩ። ሌላው ሁሉ «አ» ሆኖ እነዚያ «ሰ» እና «ገ» ከሆኑ ሰነዱ በእውነት ተሸፍኖ የቆመ ግምት ነው።

ከዚያ ወደ ግሡ ይሂዱ። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን መደበቅ ያውቅበታል። «ተብሏል» ሲል ማን እንዳለ አይናገርም። «ተረጋግጧል» ሲል በምን እንደተረጋገጠ ይውጣል። «እንደሚታወቀው» የሚጻፈው የማይታወቅ ነገር ሊጻፍ ሲል ነው። «ሕዝቡ በተደጋጋሚ ጠይቋል» የሚለው ደግሞ ስብሰባ ላይ ሦስት ሰው እጅ አውጥቶ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ተደራጊ ግሥ ወደ አድራጊ ይለውጡት፦ «የእገሌ ቀበሌ የሚሊሻ ኃላፊ በዚህ ቀን ለእኛ በስልክ ነገሩን»። ባለቤት ያልተገኘለት ግሥ ይወጣል ወይም «አልተጣራም» የሚል ይጨመርበታል። «በርካታ» እና «ጥቂት የማይባሉ» የሚሉትን በቁጥር ይተኩ፤ ቁጥር ከሌለ ይሰርዙ።

ሰነድ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ የሚጠፋው ጥርጣሬው ነው። ወረዳ «ሊሆን ይችላል» ያለውን ዞን «ይገመታል» ይለዋል፣ ክልል «ይታመናል»፣ መግለጫው ላይ «ተረጋግጧል» ይሆናል። ማንም አልዋሸም፣ ሁሉም አንድ ግሥ ብቻ ነው የገፋው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2002 ባወጣችው የኢራቅ ሰነድ ላይ ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያዋን «በ45 ደቂቃ» ማሰናዳት ትችላለች የሚለው አባባል በዚህ መንገድ ነው የገነነው፤ ምንጩ ቀጭን፣ ነገሩም ስለ ጦር ሜዳ መሣሪያ የተባለ ነበር። በመከላከያ የመረጃ ክፍል የሚሠሩት ዶክተር ብራያን ጆንስ ሰነዱ ከመውጣቱ በፊት፣ ሴፕቴምበር 19 ቀን፣ አንዳንዱ አባባል ከማስረጃው በላይ ጠንክሯል ብለው በጽሑፍ አስመዘገቡ። ሰነዱን አላስቆሙትም። ነገር ግን ከጦርነቱ በኋላ ምርመራ ሲመጣ «ማንም አልተጠራጠረም» ማለት ያልተቻለው በዚያች ወረቀት ምክንያት ነው።

ስለ ምንጭ ቆጠራ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። ከሦስት ቀበሌ የመጡ ሦስት ሪፖርቶች ሦስት ምንጭ ላይሆኑ ይችላሉ። ጎን ለጎን አስቀምጠው ያንብቧቸው፦ አንድ ዓይነት ሐረግ፣ አንድ ዓይነት የተጠጋጋ ቁጥር፣ ከሁሉ በላይ የቦታ ወይም የሰው ስም ላይ አንድ ዓይነት የፊደል ግድፈት ካለ፣ ከአንድ እጅ የተገለበጡ ናቸው። በድሮው አውጫጪኝ፣ ወንጀለኛ ለማግኘት የአገሩ ሰው ተሰብስቦ በሚጠየቅበት ሸንጎ፣ «ሰማሁ» ያለ ሰው «ከማን?» ይባል ነበር፤ እርስዎም ከማን እያሉ አንድ አፍ እስኪቀር ይውረዱ። ያ አፍ ማንን ይጠላል? ከድንበሩ፣ ከግጦሹ ወይም ከሹመቱ ምን ያገኛል? ጦር ከፈታው ወሬ የፈታው ይበልጣል የሚባለው ወሬው ውሸት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሆኖ ሳለ ብዙ ስለሚመስል ነው።

የመጀመሪያ ወሬ በጠዋት አይታመንም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 1964 ቬትናም አጠገብ ባለው በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ የአሜሪካ መርከቦች ሁለተኛ ጥቃት ደረሰብን አሉ። በሰዓታት ውስጥ የመርከቦቹ አዛዥ ራሱ፣ የአየሩ ጠባይና የድምፅ መሣሪያ ተቆጣጣሪዎቹ ጉጉት አሳስተውን ይሆናልና ሌላ እርምጃ ከመወሰዱ በፊት ሁሉም ይመርመር የሚል መልእክት ላከ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ግን በዚያው ሌሊት በቴሌቪዥን ቀረቡ። ኦገስት 7 ቀን ፕሬዚዳንቱ ኃይል እንዲጠቀሙ የሚፈቅደው የውሳኔ ሐሳብ በሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ 88 ለ2፣ በተወካዮች ምክር ቤቱ 416 ለ0 አለፈ። ያ ሁለተኛ ጥቃት አለመድረሱ የተገለጠው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ረቂቁ ላይ «መረጃው የተገኘበት ሰዓት» እና «ዳግም የተጣራበት ሰዓት» የሚሉ ሁለት መስመሮች ያስገቡ። ሁለተኛው ባዶ ከሆነ የሚያነበው አለቃ ባዶነቱን በዓይኑ ያየዋል፤ አንድ ቃል መከራከር አያስፈልግዎትም።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ በሰነዱ መጨረሻ ይቀመጥ፦ ጦርነቱ ሲያልቅ ነገሩ በምን ይቋጫል? ያ መቋጫ ዛሬ ሊገኝ አይችልም? በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር አዋጁ ላይ ሲነሣ አቤት ባዮች አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ነበር። መንግሥት ኃይል ተጠቀመ፣ ሰው ሞተ። በመጨረሻ ነገሩ የበረደው ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ተነሥተውና ግብሩ ቀርቶ ነው። ሁለቱም በአንድ ደብዳቤ አስቀድመው ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች ነበሩ።

ስለ ሕጉ ማወቅ የሚበቃዎ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55(9) መሠረት የጦርነት አዋጅ የሚያውጀው፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ክልል በአንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሊያውጅ የሚችለው ለተፈጥሮ አደጋ ወይም ለወረርሽኝ ብቻ ነው። ዞንና ወረዳ ምንም። ሰነድዎ «ወስነናል»፣ «አውጀናል» የሚል ከሆነ ከሥልጣን ውጭ ነው፤ ይህን ማስተካከል የሕሊና ጥያቄ ሳይነሣ የሚያልቅ የአርትዖት ሥራ ነው፣ ይጠቀሙበት።

ከሌላ አገር ጋር የሆነ እንደሆነ የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 2(4) ኃይል መጠቀምን ይከለክላል፣ አንቀጽ 51 የታጠቀ ጥቃት ሲደርስ ራስን መከላከልን ይፈቅዳል። የኤርትራ ኢትዮጵያ የካሣ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2005 ኤርትራ በግንቦት 1990 ዓ.ም. አንቀጽ 2(4)ን ጥሳለች ብሎ ሲወስን ለጸሐፊ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች ተናግሯል፦ የድንበር ይገባኛል ጥያቄ ራስን በመከላከል ስም በኃይል አይፈታም፤ በትናንሽ እግረኛ ክፍሎች መካከል በአንድ ስፍራ የሚደረግ ግጭት፣ ሰው ቢሞትበትም እንኳ፣ የታጠቀ ጥቃት አይባልም። «ተኩሰውብናል» ከሚል ሪፖርት «ወረውናል» ወደሚል መግለጫ የሚዘል ሰነድ ሲያዩ ይህን ያስታውሱ።

«ታዝዤ ነው» የሚለውም ዋስትና አይደለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 74 የበታች ሠራተኛ የትእዛዙን ሕገ ወጥነት እያወቀ ከፈጸመ ይጠየቃል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 የተዘረዘሩት በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ አይታገዱም። ሰነዱ ብሔርን ወይም ሃይማኖትን በጅምላ የሚያዋርድ፣ ሰውን በአውሬ ወይም በበሽታ ስም የሚጠራ ከሆነ ደግሞ የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በቀጥታ ይመለከተዋል። እነዚህን ቃላት መጀመሪያ ያውጡ፤ በዚህ የሚከራከርዎ አለቃ ጥቂት ነው።

ግምገማው ውስጥ

ግፊቱ የሚበረታው በትእዛዝ ሳይሆን በግምገማ ነው። «ወላዋይ»፣ «አድርባይ»፣ «የአቋም መዋዠቅ ይታይበታል» ይባላሉ፤ ቃሉ የሚወረወረው ከማስረጃው ወደ ሰውየው እንዲዞር ነው። አይዙሩለት። ስለ ራስዎ ታማኝነት መማል ከጀመሩ ነገሩ አበቃ። «አቋሜን ቆይተን እናያለን፤ ቁጥር 14 ላይ ያለው ሰው ማን ነው?» ብለው ወደ ወረቀቱ ይመለሱ።

«ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም» የሚለው እውነት ነው፣ ግን በመክፈቻ አይበጅም፤ የተቀመጠው ሁሉ ሕሊና የለህም የተባለ ይመስለዋልና ይነሣብዎታል። «ይህ ዓረፍተ ነገር ነገ ቢሰበር የሚያፍረው መሥሪያ ቤቱ ነው» ይበሉ፤ ይህም ታማኝነት ነው፣ ምናልባትም ዋናው። ከሁለት ደቂቃ በላይ አይናገሩ። ከስብሰባው በፊት በነበረው ምሽት አንድ ሰው ያግኙ፣ ቢቻል ከፀጥታ ወይም ከበጀት በኩል፤ አንድ ድምፅ «የእሱ ጠባይ» ይባላል፣ ሁለት ድምፅ አጀንዳ ይሆናል።

ቃለ ጉባኤው ሳይዘጋ «የልዩነት ሐሳቤ ይመዝገብልኝ» ይበሉና ራስዎ ሦስት መስመር አድርገው ያስጽፉት፤ ጸሐፊው እንዲያሳጥረው አይተዉ። ከመፈረምዎ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ያንብቡ፣ በየገጹ ግርጌ አጭር ፊርማ ያኑሩ፣ ባዶ ቦታ ካለ ሰረዝ ያድርጉበት። «በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል» የሚል ማተሚያ ላይ የተዘጋጀ መስመር ብዙ ጊዜ ከስብሰባው በፊት ተጽፎ ይጠብቃል። የፈረሙበት ከሆነ ሦስቱ መስመርዎ ዋጋ የላቸውም።

የልዩነት ማስታወሻ

አንድ ገጽ ይሁን። ሦስት ገጽ የሆነ ማስታወሻ ፋይል ውስጥ ይተኛል። በግምት ይህን ይመስላል፦

«ጉዳዩ፦ በቀን … ስለቀረበው ረቂቅ ሰነድ
በተራ ቁጥር 6፣ 14 እና 22 የተጠቀሱት ነገሮች በዓይን እማኝ አልተረጋገጡም፤ የሦስቱም ምንጭ አንድ ነው። በተራ ቁጥር 22 የተገለጸው ለማጣራት … ቀን ይበቃል፤ ይህንንም … ሊሠራው ይችላል። ማጣራቱ እስኪያልቅ «ተረጋግጧል» የሚለው «አልተጣራም» በሚል እንዲተካ ሐሳብ አቀርባለሁ። ረቂቁ እንዳለ ከተላከ ሊደርስ የሚችለው ጉዳት …። አሁን ባለበት ሁኔታ በስሜ እንዲወጣ አልስማማም፤ የተሰጠኝን ሌላ ሥራ እቀጥላለሁ።
ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት»

ቅጽል አይግባበት። «አሳፋሪ»፣ «አደገኛ ጀብድ» ያለ ሰው መልስ የሚያገኘው ለቅጽሉ ነው። መፍትሔና የቀን ብዛት መኖሩ ለአለቃው ማምለጫ ይሰጠዋል፤ ብዙ አለቃ በልቡ ማምለጫ እየፈለገ ነው። ምስጢራዊ ሰነድ ግን ኮፒ አድርገው ቤት አይውሰዱ። የራስዎን ማስታወሻ ወጪ ቁጥርና ቀን በቃልዎ ይያዙ፤ ይበቃል። ቤትዎ የተገኘ ምስጢር ከማስረጃ ጠባቂነት ወደ ተከሳሽነት ያወርድዎታል።

ውድቅ መደረጉ ከንቱ አያደርገውም። የብሪታንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ዋና የሕግ አማካሪ ሰር ማይክል ውድ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2003 ያለ ፀጥታው ምክር ቤት ፈቃድ ኢራቅን መውጋት ሕገ ወጥ ነው ብለው ለሚኒስትሩ ጻፉ። ሚኒስትሩ ምክሩን አይቻለሁ፣ አልቀበለውም ብለው በጽሑፍ መለሱ። ሁለቱም ደብዳቤዎች ከሰባት ዓመት በኋላ ስለ ጦርነቱ በተደረገው ምርመራ ጠረጴዛ ላይ ወጡ። በዚያው አገር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ማርች 7 ቀን የሰጡት ምክር 13 ገጽ ነበር፣ በጥርጣሬ የተሞላ፤ ማርች 17 ቀን ለፓርላማ የቀረበው አጭር መልስ ግን ጥርጣሬ አልነበረበትም። በአሥር ቀን የተቆረጠውን ያገናኘው ፋይሉ ነው።

መቆየት ወይስ መልቀቅ

መቆየት የራሱ ወጥመድ አለው። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ምክትል ሚኒስትር ጆርጅ ቦል በጆንሰን መንግሥት ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1964 የቬትናምን ጦርነት የሚሞግት 67 ገጽ ማስታወሻ ጻፉ፤ ፕሬዚዳንቱ ያነበቡት ከወራት በኋላ ነው። ቀስ በቀስ «የቤቱ ተቃዋሚ» ሆኑ፦ ሁሉም ጆርጅን ሰማን ብሎ ይረካል፣ ጦሩም ይጨምራል። እርስዎም በየስብሰባው «እስኪ የእሱንም እንስማ» እየተባለ የሚስቁልዎ ከሆነ፣ ከስድስት ወር ወዲህ በሐሳብዎ የተለወጠ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ ካላገኙ፣ ተቃውሞዎ ለሰነዱ ጌጥ ሆኗል።

ከመልቀቅ በፊት ያለው ደረጃ ከዚህ ሰነድ ብቻ መውጣት ነው፤ ሌላ ሰው ይፈርም ማለት። ቀጥሎ ዝውውር መጠየቅ ይመጣል። መልቀቅ ከሆነ ቀኑ ይመረጥ፦ ከውሳኔው በፊት ከሆነ ክብደት አለው፤ ከሽንፈት በኋላ የለቀቀ ግን ሽሽት ይባላል። የብሪታንያው ሚኒስትር ሮቢን ኩክ የኢራቅን ጦርነት ተቃውመው እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2003 ከካቢኔ ለቀው በዚያው ምሽት ለፓርላማ ምክንያታቸውን ሲናገሩ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን አልሰደቡም። የማይክል ውድ ምክትል ኤልዛቤት ዊልምስኸርስት በዚያው ሳምንት ለቀቁ፤ አለቃቸው ቆዩ፣ ሐሳባቸው አንድ ነበር። የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳይረስ ቫንስ ደግሞ ቴህራን የታገቱትን አሜሪካውያን በኃይል ለማስለቀቅ የታቀደውን ዘመቻ ተቃውመው የመልቀቂያ ደብዳቤያቸውን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1980 ከዘመቻው በፊት ሰጡ፤ ይፋ የሆነው ግን ዘመቻው ከከሸፈ በኋላ ነው። ወታደሮቹ ሕይወታቸውን ይዘው ሲሄዱ ቫንስ ምስጢሩን ጠበቁ፣ ስማቸውን ግን አላበደሩም። ታማኝነትንና ሕሊናን ማስታረቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

በእኛ አገር ደመወዝ፣ የመንግሥት ቤትና የልጆች ትምህርት ቤት በአንድ ፊርማ ላይ ተንጠልጥለው ነው። ስለዚህ ውሳኔው በስብሰባ ላይ በንዴት አይሁን። ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ ይያዙ፣ የዓመት ፈቃድ ካለዎ መጀመሪያ እሱን ይውሰዱ፣ ሕጉ የሚጠይቀውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ይጠብቁ። ከባለቤትዎ ጋር፣ ከፈለጉም ከንስሐ አባትዎ ወይም ከታመነ ሽማግሌ ጋር ይምከሩ፤ የሰነዱን ይዘት ሳይሆን የራስዎን ጭንቀት። የመልቀቂያ ደብዳቤው አራት መስመር ይበቃዋል፤ በዚያ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ መስመር ለግምገማ የሚሆን ጥሬ ዕቃ ነው።

ርክክቡን በዝርዝር ያድርጉት። የፋይሎቹን ቁጥር፣ የገጽ ብዛትና የልዩነት ማስታወሻዎን ወጪ ቁጥር በርክክብ ቅጹ ላይ ያስፍሩ፤ ተረካቢው ይፈርም፣ አንዱ ቅጂ መዝገብ ቤት፣ አንዱ እጅዎ ይግባ። ቅጹ ምስጢር አይደለምና ቤት ይዘውት ሊሄዱ ይችላሉ።